አክተሩ የሞተበት እሑድ

አባቴ አንድም የውጭ ቋንቋ ሳያውቅ በትርጉም ሥራ ልጅ አሳደገ። ይህን ስናገር ሰው የማጋንን ይመስለዋል። እኔ የማጋነን ተሰጥዖ የለኝም፤ ያ ለአባቴ ተሰጥቶ ነው ያለቀው።

ቴፒ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የጭቃ ቤት ነው፤ ከአጣና የተሠሩ አግዳሚዎች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ከጓሮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ጄኔሬተሩ የፊልሙን ድምፅ ስለሚውጠው አባ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በራሱ አፍ ይናገረው ነበር። የህንድ ይሁን፣ የቻይና ይሁን፣ የአሜሪካ ይሁን ግድ የለውም። ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱም ይከፍታል፤ እነሱ ከዘጉ በኋላም ሐሳቡን እስኪጨርስ ይቀጥላል። ለቡና ለቀማ ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራተኛ፣ ቤንቹም ሸኮውም ከፋውም፣ ቅዳሜ ከሰዓት አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይሰማዋል።

የቪዲዮ ቤት ሕግ የማያውቅ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ላስረዳ። እዚያ ቤት "አክተር" ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። አክተር አንድ ነው፤ ዋናው ጀግና። የቀሩት ወይ "የአክተሩ ጓደኛ" ናቸው፣ ወይ "ሴትዮዋ"፣ ወይ "ሌቦቹ"። የሕጉ አንቀጽ አንድ ደግሞ "አክተር አይሞትም" ነው። ይደበደባል፣ ይታሰራል፣ ከገደል ይወረወራል፤ አይሞትም። ፊልሙ አጉል ሆኖ አክተሩን የሚገድል ከሆነ አባ ቀድሞ አይቶት ስለሚያድር ያውቃል። ሊሞት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዴኩን ያጠፋና "ክፍል ሁለት ይቀጥላል!" ይላል። ክፍል ሁለት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። እስካሁን ሚዛን ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ "ያ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ሰውዬ እንዴት ሆነ?" ብለው የሚጠይቁኝ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ደህና ነው እላቸዋለሁ።

እኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ ነው የምሠራው። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ ውል እጽፋለሁ። ሰው የነገረኝን እጽፋለሁ፤ ያልነገረኝን አንድ ነጥብ አልጨምርም። ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካችንን የምንነታረከውም በዚሁ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ እንግሊዝኛ ገባኝ ብዬ ባመንኩበት ሰሞን፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እኔም ጆሮዬን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፌ ሳለሁ፣ ፊልሙ ውስጥ አንዱ ፈረንጅ ፈረሱን አስሮ ሁለት ቃል ተናገረ። አባ "እናቴን ያስለቀሰ ሰው በዚህ ምድር ላይ ደልቶት አያድርም! ይህን ተራራ ምስክር አድርጌ እምላለሁ!" ብሎ ተረጎመ። እኔ ብድግ ብዬ "እንደዛ አላለም! 'ውሃ ስጡኝ' ነው ያለው!" አልኩ። ቤቱ በሙሉ ጮኸብኝ። አባ ግን አልተቆጣም። "ልጄ፣ አንቺ የአፉን ሰማሽ፤ እኔ የሆዱን ነው የምተረጉመው" አለኝ። የዚያን ቀን ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም።

በኋላ ዲሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ሰው ፊልሙን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። አባ ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ ሚዛን እኔ ጋ ገባ። ሱቄ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የሚመጣውን ሰው ጉዳይ ከኔ በፊት ይሰማና "እንዲህማ ብለሽ አትጻፊለት፤ ትንሽ አሳዝኚው እንጂ" ይለኝ ነበር። ስንጣላ እንውላለን። ደስ ይለን ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግን ሲቀር ነው።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ስትሮክ መታው። እግሩ ከወር በኋላ በከዘራ መሄድ ጀመረ፤ ቀኝ እጁም ብርጭቆ ባይጨብጥም ከጉልበቱ ላይ መነሣት ቻለ። ምላሱ ግን ከበደ። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ሊጠይቁት የመጡ ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተው ሳለ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አንዷ ውሃ አመጣች፤ አንዱ ብርድ ልብስ ደረበለት፤ ሌላው መስኮት ከፈተ፤ አንድ የጅማ ዘመዳችን ደግሞ የሞት ሰዓቱ የደረሰ መስሏቸው ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመሩ። አባ አንድ በአንድ አያቸውና አፉን ዘጋ።

ዘጋ ስል ዘጋ። አምስት ወር። ከዘራውን ወለሉ ላይ አንዴ ካንኳኳ እሺ ነው፣ ሁለቴ ካንኳኳ እምቢ፣ ሦስቴ ካንኳኳ ውጡልኝ። ሦስቱን የምሰማበት ቀን ይበዛ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ወደ ሸዋ ቤንች መውጫ ካለ አንድ ክሊኒክ፣ ፊሊፒናዊት መነኩሲት መጥታ እጅና እግሩን ታሠራዋለች። ሙያዋ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሞተር ሳይክሏን ራሷ ነው የምትነዳው፤ አማርኛዋን የተማረችው ከገበያ ሴቶች ስለሆነ ስትጸልይ እንኳን ዋጋ የምትከራከር ትመስላለች። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። አንድ ቀን ከአባ ክፍል ወጥታ በሩን ዘጋችና ወደ ጓሮ ጎተተችኝ።

"ምላሱ ደህና ነው" አለችኝ። "ትንሽ ከባድ ነው እንጂ ይሠራል። ያኮረፈው እሱ ነው።"

"ሰው አምስት ወር ያኮርፋል እንዴ?"

"ያኮርፋል! ግን እህቴ፣ አሁን ካልተናገረ በኋላ ቢፈልግም አይመጣለትም። ይቀራል። እንዲህ ሆነው የቀሩ አይቻለሁ። ክረምት ሳይገባ መናገር አለበት።"

 አባቴ ሳይናገር የሚኖር፣ ሳይናገር የሚሞት ሰው ሲሆን ለአንድ አፍታ አሰብኩት፤ አልቻልኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ያልሞከርኩት የለም። ፊደል የተጻፈበት የልጆች ሰሌዳ ገዝቼ ፊቱ ሰቀልኩ፤ ሦስቴ አንኳኳ። "አባ፣ 'ደህና ዋይ' በለኝና ሥራ ልሂድ" ብዬ በሩ ላይ ተገተርኩ፤ ሦስቴ አንኳኳ። ሊያርመኝ አፉን ቢከፍት ብዬ ፊቱ ዓይን ያወጣ ውሸት አወራሁ፤ ቴፒ ከሚዛን ብርዳማ ናት አልኩ። የቴፒን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ስድብ ነው። ሁለቴ አንኳኩቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲስተር "ጤነኛ ሳለ ምን ይወድ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ቪዲዮ ቤቱ ነገርኳት፤ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ፈረሰኛውና ስለ ተራራው። የራስ መሸፈኛዋ እስኪንሸራተት ሳቀች።

"የኔ አያት ደግሞ" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ "አንድ ፊልም መቶ ጊዜ አይቶ፣ ሲኒማ ቤት ገብቶ ከሰውየው ቀድሞ ይናገር ነበር። ያስወጡት ነበር!"

ከዚያ ነገረችኝ። በሷ አገር፣ ሲኒማ ከመምጣቱ በፊት፣ በመንደር ክብረ በዓል ላይ ካባ የለበሱ ነገሥታት መድረክ ላይ ወጥተው በእንጨት ሰይፍ ይዋጉ ነበር፤ በሙዚቃ፣ በልክ፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት አንድ ወደኋላ። ካሜራ ሲመጣ ያ ሁሉ ካባና ሰይፍ እንዳለ ፊልም ውስጥ ገባ። ከነገሥታቱ ቀጥሎ የመንደር ጀግኖች መጡ፤ ስፔኖች አገሩን በያዙ ጊዜ ጫካ የገቡ፣ ከባላባት ነጥቀው ለደሃ የሚሰጡ፣ ጥይት የማይበሳቸው። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አብዛኞቹ በጦርነትና በእርጥበት ጠፍተዋል፤ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

"ጥይት ለምን አይበሳቸውም?" አልኳት።

"ትንሽ ነገር አለች። ጸሎት የተጻፈባት። አንገቱ ላይ ያስራታል። ሲጨንቀው አፉ ውስጥ ይከታታል።"

"ክታብ ነዋ! ሰውየው ሽፍታ ነው በይኛ!"

ሽፍታ የሚለውን ቃል አታውቀውም ነበር። ሳስረዳት ግን አገሯ የገባች ያህል ፊቷ በራ። ከነዚህ ፊልሞች አንዱ በፍላሽ አላት። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዝናብ የሚወርድ ይመስላል፤ ድምፁም የሚወጣው ከጆንያ ውስጥ ነው። "ለአባትሽ እናሳየው" አለችኝ። "ማን ይተርጉምለት?" ስላት በእጇ እኔን አመለከተች። ገና ሳልጀምር አላበኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከሲስተር ጋር በኮምፒውተሬ አየነው። እሷ እያቆመች ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ታሪኩ ቀላል ነው። የአንድ ጭሰኛ ልጅ ነው፤ አባቱን የባላባቱ አሽከሮች ገርፈው ይገድሉበታል። ልጁ ጫካ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ክታብ ይሰጡታል። ከዚያ ባላባቱን መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል፤ እንዲያውም በአንድ ግብዣ ላይ ካባና ጭምብል አድርጎ ገብቶ ከባላባቱ ልጅ ጋር ይጨፍራል። መጨረሻ ላይ አብሮ አደግ ጓደኛው፣ እሱ በተኛበት፣ ክታቡን ይሰርቅበታል። ጠዋት ወታደሮች ወንዝ ዳር ይገድሉታል። ጓደኛው ይሸለማል፤ ፊልሙ ያልቃል።

ልጁ አባቱ መቃብር ላይ ቆሞ ረጅም ነገር የሚናገርበት ቦታ ላይ ሲስተርን አስቆምኳት።

"በትክክል ምንድን ነው ያለው?"

"እበቀላለሁ ነው ያለው።"

"ይህን ሁሉ ደቂቃ 'እበቀላለሁ' ብቻ?"

"በግጥም ነው!"

"እበቀላለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ሲያልቅ ሲስተር እንባዋን ጠረገች፤ እኔ ገጽ ቁጥር አስገባሁ። አራት ገጽ ሆነ፤ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ሠላሳ አንድ።

እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጎረቤት ጠራሁ፤ አባ ያለ ሰው ፊልም አይሆንለትም። ገበያ የማይውሉ ሴቶች መጡ፣ ልጆች መጡ። ቴፒ ሳለን በአባ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገው የባጃጅ ሾፌር ጎረቤታችን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። አጥር የምንጋራቸው እማማም መጡ። እማማ የቤንች ሴት ናቸው፤ ጎደሬና ሙዝ ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ቴፒ ቡና ሲለቅሙ የአባ ቋሚ ደንበኛ ነበሩ፤ የፊተኛዋ አግዳሚ የሳቸው ነበረች። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም። ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አባ ከክፍሉ ወጥቶ የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሲስተር ፍላሹን ሰካች። እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

"በተራ ቁጥር አንድ የምናየው ግለሰብ የጭሰኛ ልጅ ሲሆን በግብርና ሥራ ይተዳደራል።"

አባ ሁለቴ አንኳኳ።

ሰው ግን እኔን ትቶ ፊልሙን ወደደው። "ይሄ ሙዝ የቴፒ ሙዝ ነው!" አለች አንዷ። ልጁ ከወገቡ የመዘዘው ሰይፍ አልነበረም፤ ልክ ቡና ጫካ የምንመነጥርበት ዓይነት ገጀራ ነው። ጭቃውም የኛ፣ የሣር ክዳኑም የኛ። ጎሽ ጠምደው ሲያርሱ ሲታይ ብቻ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ "ውጭ አገር ነው" አለ፣ ግማሹ "ማጂ በኩል ሊኖር ይችላል" አለ። ክታቡ ሲታሰርለት ሁሉም እፎይ አለ። ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከዚያ ግብዣው መጣ። ጭምብሉ ተገለጠና የባላባቱ ሰዎች በሰይፍ ከበቡት። እንደ ጥንቱ የመድረክ ነገሥታት ነው የሚዋጉት፤ ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ካባ ማወናጨፍ፣ እንደገና ሁለት ወደፊት።

"እየተዋጉ ነው ወይስ እየጨፈሩ?" ብለው ልጆቹ ጠየቁኝ።

ወረቀቴን አየሁ። "በመካከላቸው አለመግባባት ተፈጥሯል" አልኩ።

አባ ስንቴ እንዳንኳኳ መቁጠር አቃተኝ። ወንበሩ ግን ትንሽ ዞሮ ነበር። ሰይፍና ገጀራ በተጋጩ ቁጥር የታመመው ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ ይነሣል፤ ጣቶቹ አብረው ይመክታሉ። ሲስተር በክርኗ ጎሸመችኝና "አትዪው፣ ያፍራል" አለችኝ በሹክሹክታ። አላየሁትም፤ ማለቴ በጎን ብቻ አየሁት።

ተራ ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ላይ ደረስኩ። "ዋናው ገጸ ባሕርይ በደረሰበት የጥይት ጉዳት ሕይወቱ አልፏል።"

 ከዚያ የባጃጅ ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሣ።

"ማነው የሞተው?"

"አክተሩ።"

"አክተር አይሞትም።"

"ሞተ እኮ! እየው፣ ወንዝ ዳር ተጋድሟል!"

"እሱ ከሞተማ አክተሩ እሱ አይደለም። ከመጀመሪያው ተሳስተሽ ነው የነገርሽን።"

እኔ ሳቅሁ። ሌላ ሰው ግን አልሳቀም። ከትልልቆቹ አብዛኞቹ ቴፒ ሳሉ አባቴ ያሳደጋቸው ተመልካቾች ናቸው፤ ሕጉን ከሱ አፍ ነው የተማሩት። ሰውየው ሞቷል፤ ስለዚህ አክተር አይደለም። ታዲያ ማን ተረፈ? ጓደኛው ተረፈ። ስለዚህ አክተሩ ጓደኛው ነው። ይህ ከተወሰነ ወዲያ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ክታቡን ለምን ሰረቀ? ያኛው በክታብ ጠግቦ ስለነበር ነው። ለወታደሮቹ ለምን ጠቆመ? አገር ሰላም እንዲያድር ነው። "ከመጀመሪያውም ፊቱ ጨዋ ይመስል ነበር" አለች አንዷ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባላባቱ ከሃዲውን አቅፎ ሜዳሊያ ሲያደርግለት ቤቱ አጨበጨበ።

"ከሃዲ ነው ተብሎ ተጽፏል!" ብዬ ወረቀቱን አውለበለብኩ።

"ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"በቃ፣ አስተካክይዋ!"

ሲስተር ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ነበር። በሷ አገር ልጆች በዚህ ሰውዬ ላይ ነጠላ ጫማ እንደሚወረውሩበት በኋላ ነገረችኝ።

ያኔ ሦስቴ ተንኳኳ። ማንም አልወጣም። እንደገና ሦስቴ ተንኳኳ። ዞር ስል አባ ቆሟል።

"ሞቷል" አለ።

ድምፁ የሱ ነበር። ቃሉ ግን ጭቃ ውስጥ እንደሚጎተት እግር ከባድ ነበር። "አክተሩ… እሱ ነው። ሞቷል።" ከዘራውን ወደ ሜዳሊያው ሰውዬ ቀሰረ። "ይሄ… ውሻ… ነው… ያስገደለው።" በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ አክተር እንዲሞት ያልፈቀደ ሰው ነው ይህን የሚለው። ሊያስረዳቸው ቀጠለ፤ ስለ ክታቡ፣ ሁለቱ አብረው ስለማደጋቸው። በተናደደ ቁጥር ቃላቱ እየተደራረቡ ሄዱና ከአራቱ አንዱ ብቻ ነበር የሚለየው። እኔ ግድ አልነበረኝም፤ እንባዬ መጥቶ ወረቀቱም አይታየኝም።

ከኋላ ግን "ምን አለ?" የሚል ተነሣ። "ምን አሉ?" "ውሃ ጠምቷቸው ይሆን?" አንዷ በደግነቷ ውሃ ልታመጣ ተነሣች። የባጃጅ ሾፌሩም ሊረዳው ብሎ "አዎ ጋሼ፣ ደከመኝ ነው የሚሉት አይደል?" ብሎ ጨረሰለት።

አባ አንድ በአንድ አያቸው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ከዘራውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በግራ እጁ አፉን ሸፈነ፤ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዞረ። አሁን ከገባ በቃ እንደማይወጣ ገባኝ። ሲስተርም ገብቷታል፤ ክንዴን ይዛ ጨመቀችኝ።  በአራት ገጽ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ተራ ቁጥር አልነበረኝም።

"ወዴት ነው? አልጨረስክም እኮ።"

እማማ ናቸው፣ ከጥጋቸው።

አባ አፉን በጣቱ አሳየና ራሱን ነቀነቀ።

"ምን? አይሰሙም ብለህ ነው?" አሉ እማማ። "እኔ መቼ ሰምቼ አውቃለሁ? ቴፒ ስመጣ ልጅ ነኝ። አማርኛ 'ነይ' እና 'ሂጂ' ብቻ ነው የማውቀው። ሦስት ዓመት አንተ ቤት መጣሁ። ያንተን አማርኛ አንድ ቃል አልሰማሁም።"

አባን አየሁት። ማፈሩ ፊቱ ላይ የለም፤ ተናዷል። በአማርኛው የታወቀ ሰው ነው፤ ሠርግ ላይ የሚናገር ሰው ሲጠፋ እሱ ነበር የሚጠራው። ከፊት አግዳሚ ላይ ሦስት ዓመት ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው የነበረች ደንበኛው ለካ አንድ ቃል አልገባትም! እጁን ከአፉ ላይ አነሣ።

"አንድም?" አለ።

"አንድም።"

"ታዲያ… ምን… ልትሠሪ… ትመጪ… ነበር?"

ከታመመ ወዲህ ሰው ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። እማማ አላቋረጡትም፣ አልጨረሱለትምም። ዕድሜ ልኩን የአማርኛ ቃል እስኪደርስለት ቆሞ መጠበቅ እንደለመደ ሰው፣ ጥያቄው እስኪያልቅ ጠበቁ።

"ፊልም ላይ ነዋ" አሉ።

"ፊልሙ… ምን… መሰለሽ?"

እማማ አሰቡ። "አንድ ሰው አለ። ቤቱን ይነጥቁታል። ጫካ ይገባል። አንተ ትቆጣለህ። ከዛ ድምፅህን ቀስ ታደርጋለህ፤ እናቱን አስታውሷል እላለሁ። ከዛ ትጮሃለህ፤ ሰውየው ይመጣል። በሌላ ቀን ስመጣ ልብሱ ሌላ ነው፣ አገሩ ሌላ ነው። ሰውየው ግን ያው ነው።"

እኔ እንግሊዝኛ የምሰማው፣ የያንዳንዱን ፈረሰኛ ስህተት ስለቅም ያደግሁት፣ ይህን አላየሁም ነበር። የህንዱም፣ የቻይናውም፣ የፈረሰኛውም ሆድ ውስጥ አባቴ ያገኘው አንድ ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ፊልም ነው ያሳየን።

አባ እማማን ትኩር ብሎ አያቸው።  ከዚያ ጥርሱ ታየ።

"ልክ… ነሽ" አለ። "ሌላ… አላውቅም… ነበር።"

የባጃጅ ሾፌሩ "ምን አሉ?" ሊል አፉን ሲከፍት ሲስተር እግሩን ረገጠችው።

እማማ ግን ገና አልጨረሱም። በአገጫቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። "ይሄ የዛሬው ግን ሞተ። አልመጣም።"

አባ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። በጤነኛ እጁ ወንበሩን ጎትቶ ወደ ሰዉ አዞረና ተቀመጠ። ማንም ውሃ አላመጣለትም፣ ማንም ቃል አላቀበለውም፤ ልጆቹ እንኳን አልተንቀሳቀሱም። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ባዶውን ተዘጋ። በሦስተኛው ወጣለት።

"ይመጣል" አለ። "ቀስ… እያለ… ነው።"

ሁላችንም ሰማነው፤ እማማም ጭምር።